ከእርሻ ቤት የወጡት የቁጥር ሊቅ፦ የጁሴፔ ፔያኖ ሕይወት

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጅ ያለው አባወራ ማታ ከሥራ ተመልሶ የልጁን የሒሳብ ደብተር ቢገልጥ፣ ከሚያውቃቸው የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች ሌላ እንግዳ ቅርጾች ማየቱ አይቀርም። አንዱ ወደ ቀኝ አፉን ከፍቶ መሐሉ ላይ አግዳሚ ሰረዝ የተሰመረበት ነው፤ ∈ ተብሎ ይጻፋል። ሌላው አፉን ወደ ላይ የከፈተ ቅል ይመስላል፤ ∪ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የተደፋ ቅል ይመስላል፤ ∩ ነው። ተማሪው የስብስብ ትምህርት ምልክቶች መሆናቸውን ይናገራል። ከወዴት እንደመጡ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረውም።

ሦስቱንም ወደ ሒሳብ ያስገቧቸው አንድ የገበሬ ልጅ ናቸው። ስማቸው ጁሴፔ ፔያኖ ይባላል። ጣሊያናዊ ናቸው። ካረፉ ዘጠና ዓመታት አልፈዋል። ሕይወታቸውን የሰጡለት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ሰው የሚያስበውን ነገር ሌላው ሳይሳሳት እንዲያነብበው አድርጎ መጻፍ ነበር። ለዚህ ትንሽ ለሚመስል ጉዳይ ክብርንም አግኝተዋል፣ ዋጋም ከፍለዋል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከማሳው ዳር እስከ ቶሪኖ

ፔያኖ የተወለዱት ኦገስት 27 ቀን 1858 በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ ከምትገኘው ኩኔዮ ከተማ አቅራቢያ ነው። ቤተሰቡ ስፒኔታ በተባለች መንደር፣ ቴቶ ጋላንት በሚባል የእርሻ ቤት ይኖር ነበር። አባታቸው ባርቶሎሜኦ ፔያኖ፣ እናታቸው ሮዛ ካቫሎ ይባላሉ። ከአምስቱ ልጆች ጁሴፔ ሁለተኛው ናቸው። በዚያ ጊዜ ጣሊያን ገና አንድ አገር አልሆነችም፤ ያ ምድር የሰርዲኒያ መንግሥት ግዛት ነበር።

ሕፃኑ ጁሴፔ ፊደል የቆጠሩት በመንደራቸው ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ትምህርታቸውን ለመቀጠል በየቀኑ ወደ ኩኔዮ መሄድ ነበረባቸው። መንገዱ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሄደው በእግራቸው ይመለሳሉ። ወላጆቻቸው የልጆቻቸውን ድካም አይተው በከተማዋ ቤት ያዙ። አባታቸው ግን ማሳቸውን አልተዉም፤ የስፒኔታን እርሻ ማረሳቸውን ቀጠሉ። ቤቱ ወደ ከተማ ሲዛወር ማሳው ከነሥራው በገጠር ቀረ። ልጅን ለማስተማር ሲል ኑሮውን ለሁለት የከፈለ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

የእናታቸው ወንድም በቶሪኖ ከተማ ቄስና የሕግ ባለሙያ ነበሩ። የእኅታቸው ልጅ ከእኩዮቹ የተለየ ችሎታ እንዳለው ስላስተዋሉ፣ በ12 ዓመቱ ገደማ ወደ ቶሪኖ ወስደው በእርሳቸው ዘንድ እንዲማር አደረጉ። ፔያኖ በ1876 በካቮር ሊሴ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ፈጽመው በዚያው ዓመት የቶሪኖ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1880 በሒሳብ ትምህርት በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቀው እዚያው ረዳት መምህር ሆነው ተቀጠሩ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለዩም።

ስሕተት የማያልፋቸው ወጣት

ወጣቱ መምህር ረዳት የሆኑት ለአንጄሎ ጄኖኪ ነበር። ጄኖኪ የተከበሩ፣ ነገር ግን በዕድሜ የገፉና ጤና ያጡ ፕሮፌሰር ነበሩ። በ1884 በጄኖኪ ስም አንድ የካልኩለስ መማሪያ መጽሐፍ ታተመ። መጽሐፉን ከመምህሩ ትምህርት ተነሥተው ያዘጋጁትና ብዙ የጨመሩበት ግን ፔያኖ ናቸው። በዚያ መጽሐፍ ላይ የያኔው የሒሳብ ዓለም እንደ እውነት ይቀበላቸው የነበሩ በርካታ አባባሎች ሁልጊዜ እንደማይሠሩ በምሳሌ አሳዩ። ሌሎች መጻሕፍት የሚያልፏትን ትንሽ ስንጥቅ ፈልጎ ማግኘት የፔያኖ ልዩ ተሰጥኦ ነበር።

በ1886 በቶሪኖ ወታደራዊ አካዳሚም ማስተማር ጀመሩ። በ1887 የሠዓሊው ሉዊጂ ክሮሲዮን ልጅ ካሮላ ክሮሲዮን አገቡ። ጄኖኪ በ1889 ሲያርፉ የካልኩለስ ትምህርት ወንበሩ ወደ ፔያኖ መጣ፤ በ1890 በዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሆኑ።

በዚያው በ1890 የዘመኑን ሊቃውንት ያስደነገጠ ነገር አሳተሙ። መስመር ርዝመት እንጂ ስፋት የለውም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ፔያኖ ግን አንድ ያልተቋረጠ መስመር በአራት ማዕዘን ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ነጥብ ሳያስቀር ሊረግጥ እንደሚችል አረጋገጡ። ገበሬ ማሳውን ሲያርስ ሞፈሩን ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ ያርሳል፤ ምንም ያህል ቢያጠብቅ ግን በትልሞቹ መካከል ያልተነካ አፈር ይቀራል። የፔያኖ መስመር ያለ ገደብ እየጠበበ ስለሚታጠፍ ያልተነካ ቦታ አያስቀርም። በግኝታቸው እጅግ ከመደሰታቸው የተነሣ የዚያን መስመር አንዱን ደረጃ በቤታቸው በረንዳ ወለል ላይ በነጭ ንጣፍ ላይ በጥቁር ንጣፍ አሠርተውት ነበር።

ምልክት ለምን አስፈለገ

የሒሳብ ምልክቶች ከጥንት ጀምሮ የነበሩ ይመስላሉ፤ ብዙዎቹ ግን የቅርብ ጊዜ ልጆች ናቸው። የእኩል ነው ምልክትን የዌልስ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ሮበርት ሬኮርድ በመጽሐፉ ያወጣው በ1557 ነው። ከዚያ በፊት ሰው እኩል ነው ለማለት ቃሉን መጻፍ ነበረበት። በፔያኖ ዘመን ደግሞ አዲስ የሒሳብ ክፍል ብቅ ብሎ ነበር፤ የስብስብ ትምህርት። ስብስብ ማለት በአንድነት የተቆጠሩ ነገሮች ማለት ነው፤ የአንድ ቀበሌ አባወራዎች ወይም የአንድ በረት ከብቶች ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ይህ አዲስ ትምህርት የራሱ ምልክት ስላልነበረው ከመደመርና ከማባዛት ምልክቶች ይዋስ ነበር።

መዋሱ ግን ችግር አመጣ። በአንድ ጎጥ ጤፍ የዘሩ አምስት አባወራዎች፣ በቆሎ የዘሩ ደግሞ አራት አባወራዎች አሉ እንበል። ሁለቱ አባወራዎች ሁለቱንም ዘርተዋል። ጤፍ ወይም በቆሎ የዘሩትን በአንድ መዝገብ ያሰፈረ ሰው ዘጠኝ ስም አያገኝም፤ ሰባት ስም ነው የሚያገኘው። ሁለቱ ሰዎች በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ሁለት ጊዜ ሊቆጠሩ አይገባም። ስለዚህ ቁጥርን መደመርና ስብስብን ማጣመር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሁለቱን በአንድ ምልክት መጻፍ አንባቢን ያሳስታል።

ፔያኖ በ1888 ባሳተሙት የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ላይ ለስብስቦች የብቻቸው ምልክት ሰጡ። ሁለቱን ዝርዝሮች በአንድ ለሚያጠቃልለው ∪፣ በሁለቱም ውስጥ ያሉትን ብቻ ለሚለየው ∩ ሆነ። በምሳሌው መሠረት የመጀመሪያው ሰባቱን አባወራዎች ይሰጣል፤ ሁለተኛው ሁለቱን ብቻ ይሰጣል። ከመቶ ሠላሳ ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላም በዓለም ዙሪያ ያሉ ተማሪዎች የሚጽፉት እነዚህኑ ነው።

በቀጣዩ ዓመት በ1889 ሦስተኛውን ምልክት አወጡ። ይህኛው ነው የሚለውን ቃል የሚመለከት ነበር። ቃሉ ቀላል ቢመስልም ውስጡ ሁለት ትርጉም ተደብቋል። አንድን ሰው ገበሬ ነው ስንል ግለሰቡን በገበሬዎች ስብስብ ውስጥ አባል አድርገን እናስገባዋለን። ገበሬ ሰው ነው ስንል ግን የገበሬዎች ስብስብ በሙሉ በሰዎች ስብስብ ውስጥ ይካተታል ማለታችን ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ወደ አስቂኝ ድምዳሜ ይደርሳል። በሬዎቹ ሁለት ናቸው፤ ቦራ ከበሬዎቹ አንዱ ነው፤ እንግዲያው ቦራ ሁለት ነው እንደማለት ይሆናል።

ፔያኖ ለአባልነት ብቻ የሚሆን ምልክት የወሰዱት ከግሪክኛ ነው። በግሪክኛ ነው የሚለው ቃል የሚጀምርበት ፊደል ኤፕሲሎን ነበር፤ ዛሬ የምናውቀው ∈ ከዚያ ፊደል የመጣ ነው። አንድ ስብስብ በሌላው ውስጥ መካተቱን ለመጻፍ ደግሞ የተገለበጠ የላቲን ሲ ፊደልን ተጠቀሙ። ይኸው ምልክት አንድ ነገር ከሌላው ይከተላል ለማለትም ያገለግላቸው ነበር።

እዚህ ላይ ጊዜ የሠራው ነገር አለ። በፔያኖ አጻጻፍ የተገለበጠው ሲ፣ ማለትም ⊃፣ በስተግራ ያለው ስብስብ በስተቀኝ ባለው ውስጥ አለ ማለት ነበር። በዛሬ መጻሕፍት ይኸው ቅርጽ በስብስቦች መካከል ሲቆም ትርጉሙ በተቃራኒው ነው፤ በስተግራ ያለው ሰፊው ነው። ምልክት ልክ እንደ ቃል ትርጉሙን ሊለውጥ ይችላል። የድሮ መጽሐፍ የሚያነብ ተመራማሪ ይህን ካላወቀ ከመጀመሪያው ገጽ ይሳሳታል።

ቁጥር የቆመበት መሠረት

የ1889ኙ መጽሐፍ በላቲን ቋንቋ የተጻፈ አነስተኛ መጽሐፍ ነው። ዋናው ክፍሉ ሠላሳ ገጽ አይሞላም። ዓላማው ግን ትልቅ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚቆጥርባቸው ቁጥሮች በምን ላይ እንደቆሙ ማሳየት ነበር። ቤት የሚሠራ ሰው ከግድግዳው በፊት መሠረቱን እንደሚጥል፣ ፔያኖም ያለ ማስረጃ የሚታመኑ ጥቂት እውነታዎችን አስቀድመው ሌላውን ሁሉ ከእነርሱ አወጡ።

ስለ ቁጥር የደነገጓቸው ዋና እውነታዎች አምስት ናቸው። አንደኛ፣ 1 ቁጥር ነው። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ቁጥር የሚከተለው ቁጥር አለው። ሦስተኛ፣ የተለያዩ ቁጥሮች የሚከተሏቸውም የተለያዩ ናቸው። አራተኛ፣ 1 ማንንም አይከተልም። አምስተኛ፣ አንድ ነገር ለ1 እውነት ከሆነና፣ ለማንኛውም ቁጥር እውነት በሆነ ጊዜ ሁሉ ለተከታዩም እውነት የሚሆን ከሆነ፣ ለቁጥሮች ሁሉ እውነት ነው።

አምስተኛው የሁሉም ቁልፍ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአበው ብሂል መንፈሱን በጥቂቱ ይገልጠዋል። የመጀመሪያው እርምጃ ከተረገጠና ከእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ቀጣዩ መሻገር ከተቻለ የማይደረስበት ቁጥር አይኖርም። መጨረሻ የሌለውን የቁጥር ሰልፍ አንድ በአንድ ሳይቆጥሩ ስለ ሁሉም በእርግጠኝነት መናገር የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።

መደመርም ከዚህ ተነሥቶ ተተረጎመ። 1 መደመር ማለት ወደ ተከታዩ ቁጥር መሄድ ማለት ነው። ከዚያ የሚበልጥ ሲደመር አንድ አንድ እየተባለ ይሻገራል። 2 እና 2 ስንት ነው ለሚለው፣ 2 + 2 ማለት 2 + 1 + 1 ነው፤ 2 + 1 ደግሞ 3 ነው፤ 3 + 1 ደግሞ 4 ነው። ሕፃን የሚያውቀውን ለማረጋገጥ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። በእርግጠኝነት የምናውቀው ነገር በምን ምክንያት እርግጠኛ እንደሆነ ካላወቅን፣ የማናውቀው ነገር ሲገጥመን የምንመዝንበት ሚዛን አይኖረንም።

ፔያኖ ይህን ሥራ የእኔ ብቻ ነው አላሉም። ጀርመናዊው ሪቻርድ ዴዴኪንድ ከአንድ ዓመት በፊት በ1888 ተመሳሳይ ሐሳብ አሳትሞ ነበር። ፔያኖ የእርሱ ሥራ እንደጠቀማቸው በመጽሐፋቸው መግቢያ ገልጸዋል። ዓለም ግን ድንጋጌዎቹን እስከ ዛሬ የሚጠራቸው በፔያኖ ስም ነው። የዚህም አንዱ ምክንያት አጻጻፋቸው ነው፤ ፔያኖ ሐሳቡን አጭርና ግልጽ በሆነ መልክ ጽፈውታል።

ፔያኖ በ1889 ከ1 ጀመሩ፤ በኋላ ባሳተሟቸው ሥራዎች ደግሞ ከ0 ጀመሩ። ይህ ልዩነት ዛሬም አልተቋጨም። አንዳንድ የሒሳብ መጻሕፍት የመቁጠሪያ ቁጥሮችን ከ1፣ ሌሎቹ ከ0 ይጀምራሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ጸሐፊው የትኛውን እንደመረጠ ከመጀመሪያው መናገር ብቻ ይጠበቅበታል።

መጨረሻ የሌለው ቁጥርና የቅደም ተከተል ነገር

በዚያው ዘመን በጀርመን ሃለ ከተማ ጌኦርግ ካንቶር መጨረሻ የሌላቸውን ስብስቦች ይቆጥር ነበር። ለመጀመሪያው ወሰን የለሽ የተራ ቁጥር የግሪክኛውን የመጨረሻ ፊደል ኦሜጋን ሰጠው። ለወሰን የለሽ ብዛቶች ደግሞ በ1895 ባሳተመው ሥራ የዕብራይስጡን የመጀመሪያ ፊደል አሌፍን መረጠ። መዝሙረ ዳዊትን የሚደግም ኢትዮጵያዊ አሌፍን በ118ኛው መዝሙር ላይ ያውቀዋል፤ የግእዙ አልፍም የዚሁ ፊደል ዘመድ ነው።

የካንቶር ሥራ የምልክት ስምምነት ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ ያሳያል። በተራ ቁጥሮች ሁለት ጊዜ ሦስትና ሦስት ጊዜ ሁለት እኩል ናቸው። ወሰን በሌለው ሰልፍ ግን እንዲህ አይደለም። ማለቂያ የሌለው ሰልፍ አለ እንበል፤ ከእርሱ ኋላ ሌላ ማለቂያ የሌለው ሰልፍ ቢቆም፣ የሁለተኛው ሰልፍ መሪ ከፊቱ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው አለ። በአንጻሩ ሁለት ሁለት ሰው ጎን ለጎን እየሆነ ማለቂያ የሌለው ጥንድ ቢሰለፍ፣ ማንኛውም ሰው ከፊቱ ያለው ሕዝብ የሚቆጠር ነው፤ ይህ ከአንዱ ተራ ሰልፍ አይለይም። ስለዚህ የቱ ቁጥር አስቀድሞ እንደተጻፈ ማወቅ ግድ ይላል።

ካንቶር በ1883 ለሁለቱ ተከታታይ ሰልፎች 2ን አስቀድሞ ኦሜጋን አስከትሎ ይጽፍ ነበር። በኋላ አጻጻፉን ገለበጠው፤ ኦሜጋን አስቀድሞ 2ን አስከተለ። የዛሬው የሒሳብ ዓለም የያዘው ሁለተኛውን ስምምነት ነው። እውነታው አልተለወጠም፤ አጻጻፉ ብቻ ተለወጠ። የመጀመሪያውን መጽሐፍ በሁለተኛው ስምምነት የሚያነብ ሰው ግን ሁሉንም በተቃራኒው ይረዳዋል።

ፔያኖ ይህን አዲስ ትምህርት በአገራቸው እንዲታወቅ አድርገዋል። በ1891 የመሠረቱት የሒሳብ መጽሔት የካንቶርን የ1895 ሥራ ወደ ጣሊያንኛ አስተርጉሞ በዚያው ዓመት አወጣ። በዙሪያቸው ከተሰበሰቡት ወጣት ሊቃውንት አንዱ ቼዛሬ ቡራሊ ፎርቲ ደግሞ በ1897 ስለ ተራ ቁጥሮች ስብስብ አንድ ከባድ እንቆቅልሽ ይፋ አደረገ። የተራ ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ስብስብ ቢጠቃለሉ ከሁሉም የሚበልጥ ሌላ ተራ ቁጥር ይፈጠራል፤ እርሱ ራሱ ግን ከሁሉም አንዱ መሆን ነበረበት። ይህን የመሰለ ግጭት የሚታየው ነገሩ በጥንቃቄ ሲጻፍ ነው።

የዕድሜ ልክ ሥራና ዋጋው

ፔያኖ በ1892 አንድ ትልቅ ዕቅድ አወጡ። እስከዚያ ጊዜ የታወቀውን ሒሳብ በሙሉ በአዲሶቹ ምልክቶች ጽፎ በአንድ መጽሐፍ መሰብሰብ ነበር። ፎርሙላሪዮ ብለው ጠሩት። የመጀመሪያው እትም በ1895 ወጣ፤ አምስተኛውና የመጨረሻው በ1908 ታተመ። በመጨረሻው እትም ላይ አራት ሺህ ያህል ቀመሮችና እውነታዎች ተሰብስበዋል። ማን መጀመሪያ እንዳገኛቸው የሚገልጽ የታሪክ ማስታወሻም ታክሎበታል።

የኅትመት ሥራው ቀላል አልነበረም። አዲሶቹ ምልክቶች በተራ ማተሚያ ቤት አይገኙም፤ አንዲት የተገለበጠች ፊደል ብትሳሳት የዐረፍተ ነገሩ ፍቺ ይፈርሳል። ፔያኖ መፍትሔውን በራሳቸው እጅ ፈለጉ። በ1898 የማተሚያ መሣሪያ ገዝተው በቤታቸው አስቀመጡ፤ የእርሳስ ፊደላትን የመልቀም ሙያም ተማሩ። ፕሮፌሰሩ በማለዳ ያስተምራሉ፤ ከዚያም የራሳቸውን መጽሐፍ ፊደል በፊደል ያቆማሉ። ይህ ልምድ በምልክቶቻቸው ላይም ይታያል። ጀርመናዊው ጎትሎብ ፍሬገ ከፔያኖ ቀደም ብሎ በ1879 የራሱን የሥነ አመክንዮ አጻጻፍ አውጥቶ ነበር፤ አጻጻፉ ግን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ታች የሚዘረጋ ስለነበር ለማተምም ለማንበብም አስቸጋሪ ሆነ። የፔያኖ ምልክቶች እንደ ተራ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ መስመር ይሄዳሉ።

ዋጋው የመጣው በመማሪያ ክፍል ነው። ፔያኖ ወጣት ሳሉ ግልጽና ተወዳጅ መምህር ነበሩ። ፎርሙላሪዮ ከተጀመረ በኋላ ግን በምልክቶቻቸው ማስተማር ጀመሩ። የወታደራዊ አካዳሚው ተማሪዎች የመድፍና የምህንድስና መኮንን ለመሆን የመጡ ነበሩ፤ የሚፈልጉት የሚሠራ ስሌት ነው። መምህራቸው ደግሞ የቀመሮቹን መሠረት በማያውቁት ምልክት ይጽፉላቸዋል። ተማሪዎቹ አጉረመረሙ፤ በግልጽም ተቃወሙ። በመጨረሻ ፔያኖ በ1901 ከአካዳሚው ተሰናበቱ። በዩኒቨርሲቲውም ባልደረቦቻቸው ለካልኩለስ የተመደበው ሰዓት በምልክት ማለቁን ይተቹ ነበር። ፈረንሳዊው ታላቅ ሊቅ አንሪ ፗንካሬም ምልክቶቹ አዲስ ግኝት አያመጡም ብሎ በጽሑፉ ተሳልቋል።

ትችቱ ፍጹም ሐሰት አልነበረም። ፔያኖ ከ1900 በኋላ እንደ ወጣትነታቸው ዘመን አስደናቂ አዲስ ግኝት አላወጡም። ጊዜያቸውን የበላው ፎርሙላሪዮ ነው። ደግሞም ለሊቃውንት የግልጽነት መሣሪያ የሆነው ነገር ለጀማሪ ተማሪ ግድግዳ ሊሆን እንደሚችል በጊዜው አልተረዱም። መሣሪያ ጥሩ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ለማን እና መቼ እንደሚሰጥም ማወቅ ያስፈልጋል።

ፓሪስ፣ ኦገስት 1900

በዚያው ዘመን የድካማቸው ፍሬ ከወደ ሌላ አቅጣጫ መጣ። በኦገስት 1900 በፓሪስ ከተማ ዓለም አቀፍ የፍልስፍና ጉባኤ ተካሄደ። ፔያኖና የትምህርት ባልደረቦቻቸው ተገኙ። ከተሳታፊዎቹ መካከል በርትራንድ ረስል የሚባል የ28 ዓመት እንግሊዛዊ ነበር። ረስል በክርክሮቹ ሁሉ ላይ ፔያኖ ከሌሎቹ ይልቅ በትክክል ሲናገሩና በሙግትም ሲረቱ አስተዋለ። ይህ ችሎታ ከምልክቶቻቸው የመጣ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። የፔያኖን ሥራዎች በሙሉ ጠይቆ ተቀበለና ወደ አገሩ ተመልሶ አጠናቸው።

ከዚያ የተከተለው የሒሳብ ታሪክ ነው። ረስል በ1901 በስብስብ ትምህርት መሠረት ላይ ያለውን ታላቅ ቅራኔ አገኘ። ራሳቸውን የማይዙ ስብስቦችን ሁሉ የሚይዝ ስብስብ ራሱን ይይዛል ወይስ አይዝም የሚል ነበር፤ በየትኛውም በኩል ቢመልሱት መልሱ ራሱን ያፈርሳል። ከዚያም ከአልፍሬድ ኖርዝ ዋይትሄድ ጋር ሆኖ ከ1910 እስከ 1913 የሒሳብን መሠረት የሚመረምሩ ሦስት ታላላቅ ቅጾችን አሳተመ። የእነዚያ ቅጾች አጻጻፍ መነሻው የፔያኖ ነበር። በእነርሱ በኩል ∈፣ ∪ እና ∩ ወደ ቀሪው ዓለም ተሻገሩ። የወታደራዊ አካዳሚው ተማሪዎች የሸሹት አጻጻፍ የሊቃውንት መግባቢያ ሆነ።

ለሁሉም የሚሆን ቋንቋ

ፔያኖ ከሒሳብ ቀጥሎ የሰው ቋንቋንም በዚሁ ዓይን ተመለከቱት። ሊቃውንት በየአገራቸው ቋንቋ ሲጽፉ እርስ በርስ መነባበብ እንዳቃታቸው አዩ። በ1903 መፍትሔ ብለው ያሰቡትን አቀረቡ፤ ከውስብስብ ሰዋስው የተላቀቀ ላቲን ነበር። የስም ሙያን የሚያመለክቱ መጨረሻዎችና የግሥ እርባታዎች ተቀንሰው የቃላቱ ግንድ ብቻ ይቀራል። ይህን ያስተዋወቁበት ጽሑፍ በራሱ ብልሃት ያለው ነበር፤ በደንበኛው ላቲን ይጀምርና፣ ፔያኖ አንዱን የሰዋስው ደንብ አላስፈላጊነት ባስረዱ ቁጥር እርሱን እየተዉ ሄደው በአዲሱ ቋንቋ ይጨርሳል።

የ1908ቱ ፎርሙላሪዮ የታተመው በዚህ ቋንቋ ነው። ይህም አንባቢውን ይበልጥ አራቀው። ቋንቋው በጥቂት ወዳጆች ዘንድ ቢወደድም ዓለም አልተቀበለውም። ስለዚህ ከአንድ ሰው አእምሮ ከወጡት ሁለት ውጥኖች አንዱ በየትምህርት ቤቱ ሲኖር ሌላው ተረሳ። ምልክቶቹ የተረፉት ሰዎች የገጠማቸውን እውነተኛ ችግር ስለፈቱ ነው። ለቋንቋው ግን በየሀገሩ ያለው ሕዝብ ቦታ አልነበረውም፤ የእናቱ ቋንቋ ነበረውና።

ወደ መንደር መመለስ

ፔያኖ በኋለኛው ዕድሜያቸው ፊታቸውን ወደ መምህራን አዞሩ። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን የውይይት መድረክ ያዘጋጁ ነበር፤ ሒሳብ ለልጆች ቀላል ሆኖ እንዲቀርብም ይጽፉ ነበር። የካልኩለሱንም ወንበር ትተው ለመምህርነት የሚዘጋጁትን ወደሚመለከተው የሒሳብ ትምህርት ተዛወሩ። ኑሯቸው ቀላል ነበር፤ የገበሬ ልጅነታቸውንም አልረሱም።

ኤፕሪል 19 ቀን 1932 እንደ ወትሮው በዩኒቨርሲቲው አስተማሩ። በማግሥቱ ኤፕሪል 20 በልብ ሕመም ዐረፉ። ዕድሜያቸው 73 ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት በ1931 ኩርት ጎደል የተባለ ወጣት ኦስትሪያዊ ሊቅ የፔያኖን ድንጋጌዎች በያዘና እርስ በርሱ በማይጋጭ የሒሳብ ሥርዓት ውስጥ፣ በዚያው ሥርዓት ሊረጋገጡም ሊስተባበሉም የማይችሉ ዐረፍተ ነገሮች እንዳሉ አሳይቶ ነበር። በ1889 በዚያች ትንሽ የላቲን መጽሐፍ የተቀመጠው መሠረት ዓለምን የሚያነጋግር ሆኖ ቀጥሏል።

ፔያኖ በቶሪኖ መካነ መቃብር ተቀበሩ። በ1963 ግን ዐፅማቸው ተነሥቶ ወደ ስፒኔታ፣ ወደ ቤተሰባቸው መቃብር ተመለሰ። በልጅነታቸው ለትምህርት በእግራቸው ይወጡባት ወደነበረችው መንደር ነው የተመለሱት።

ዛሬ ማታ ደብተሩን ዘርግቶ ∈ የምትለዋን ምልክት የሚጽፍ ተማሪ አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚጽፈው፤ ነው የምትለዋን። ያችን ቃል ያለ ስሕተት ለመጻፍ አንድ የገበሬ ልጅ ዕድሜውን ሰጥቶባታል። አባቱ በአጠገቡ ተቀምጦ የጤፍና የበቆሎ ዘሪዎችን ዝርዝር ቢያስቆጥረው፣ ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም አብረው ይረዱታል።